ከአንድ ትሪ እየበሉ ካሎሪን ማስላት፦ ከጓዳ የሚነሳ መመሪያ

ስልካችሁ ላይ ካሎሪ የሚቆጥር አፕ ከፍታችሁ «ሽሮ» ብላችሁ ጻፉ። ቁጥር ይመጣላችኋል። ግን የማን ቤት ሽሮ? ዘይቱ በማንኪያ ተለክቶ ነው ወይስ እንዲያው ከጄሪካኑ ዘንበል ተደርጎ የገባው? እንጀራውስ ምጣዱን ሞልቶ የወጣው ነው ወይስ ቀጭኑ የሱቅ እንጀራ? አፑ ይህን ሁሉ አያውቅም። የተሠራውም እያንዳንዱ ሰው የራሱን ሳህን ይዞ ለሚቀመጥበት ገበታ ነው። እኛ አራት አምስት ሆነን ከአንድ ትሪ እንቆርሳለን። መሀል ላይ ደግሞ ጉርሻ አለ።

ስለዚህ ስሌቱን ከጓዳ እንጀምራለን። ወደ ድስቱና ወደ ምጣዱ የገባውን ካወቅን የወጣውን ማካፈል ቀላል ነው። የሚያስፈልጋችሁ ወረቀትና እስክሪብቶ፣ የስልክ ካልኩሌተር፣ አንድ የሾርባ ማንኪያና አንድ የሻይ ብርጭቆ ነው። ትንሽ የኩሽና ሚዛን ካለ ሥራው በጣም ይቀላል።

ቁጥሩ የምን ቁጥር ነው?

ካሎሪ የኃይል መለኪያ ነው። ምግብ ላይ አንድ ካሎሪ የምንለው፣ አንድ ሊትር ውሃን በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ለማሞቅ የሚበቃ ኃይል ነው። ትክክለኛ ስሙ ኪሎ ካሎሪ ነው፤ በአፍ ግን ሁሉም ሰው ካሎሪ ይለዋል፣ እኔም እንደዚያው እላለሁ።

ዛሬ በዓለም ላይ የምንጠቀምበትን ስሌት መሠረት የጣለው ዊልበር አትዋተር የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1890ዎቹ፣ ኮኔቲከት ውስጥ ባለው ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ፣ ሰው ገብቶ ቀናት የሚያሳልፍበት የተዘጋ ክፍል ከባልደረቦቹ ጋር ሠራ። የሚበላው ምግብ እየተመዘነ ይገባለታል፤ ከሰውነቱ የሚወጣው ሙቀት ይለካል። ከእነዚህና ከመሰል ሙከራዎቹ የወጡት ቁጥሮች አሁንም በየፓኬቱ ጀርባ የሚታተመው ስሌት መነሻ ናቸው፦

- 1 ግራም ካርቦሃይድሬት፦ 4 ካሎሪ
- 1 ግራም ፕሮቲን፦ 4 ካሎሪ
- 1 ግራም ስብ፣ ቅቤም ሆነ ዘይት፦ 9 ካሎሪ
- 1 ግራም አልኮል፦ 7 ካሎሪ

ውሃ ዜሮ ነው። ይህቺን ያዙልኝ፤ ከታች ያለው ስሌት ግማሹ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። ደረቅ ሩዝ 100 ግራሙ ወደ 360 ካሎሪ አለው። ሲበስል 100 ግራሙ 130 ይሆናል። የጠፋ ነገር የለም፣ ውሃ ጠጥቶ ነው። ቲማቲምና ጎመን ትሪ ሞልተው ካሎሪያቸው ትንሽ የሚሆነውም አብዛኛው አካላቸው ውሃ ስለሆነ ነው።

ደረጃ 1፦ ሰውነታችሁ ስንት ይፈልጋል?

አልጋ ላይ ተኝታችሁ ጣራ እያያችሁ ብትውሉ እንኳ ሰውነት ያቃጥላል። ልብ ይመታል፣ ሳንባ ይሠራል፣ ጉበትና አንጎል አያርፉም። አንጎል ብቻውን፣ በዕረፍት ጊዜ ከሚቃጠለው ኃይል አንድ አምስተኛውን ገደማ ይወስዳል። ብዙም በማይንቀሳቀስ ሰው ላይ፣ በቀን ከሚወጣው ኃይል ከ60 እስከ 70 በመቶው የሚሄደው ለዚህ ለመሠረታዊው ሥራ ነው። 10 በመቶ ገደማው ምግቡን ለመፍጨትና ለማስገባት ይወጣል። የቀረው እንቅስቃሴ ነው።

መሠረታዊውን ለመገመት ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙት በ1990 (እ.ኤ.አ.) የወጣውን የሚፍሊን ቀመር ነው። ለአዋቂ ብቻ ነው የሚሠራው።

ለወንድ፦ (10 × ክብደት በኪሎ) + (6.25 × ቁመት በሴንቲ ሜትር) − (5 × ዕድሜ) + 5

ለሴት፦ ያው ቀመር፣ መጨረሻ ላይ 5 በመደመር ፋንታ 161 ይቀነሳል።

ከዚያ ውጤቱን በኑሯችሁ ዓይነት አባዙት፦

- መኪና ይዞ ሄዶ፣ ቢሮ ተቀምጦ ውሎ፣ ቤት ገብቶ ሶፋ ላይ ለሚቀመጥ፦ 1.2
- ቢሮ የሚውል ግን ታክሲ ፍለጋ የሚራመድ፣ ቤት ውስጥም ሥራ ያለበት፦ 1.4 ገደማ
- ቀኑን ቆሞ ለሚውል አስተናጋጅ፣ ፀጉር ሠሪ፣ ሱቅ ሻጭ፣ ወይም በሳምንት ከሦስት እስከ አምስት ቀን የምር ስፖርት ለሚሠራ፦ 1.55
- ለተሸካሚ፣ ለግንባታ ሠራተኛ፣ በእርሻ ወራት ላለ ገበሬ፦ ከ1.7 እስከ 1.9፤ አንዳንዴ ከዚያም በላይ

ሰው ሁሉ ራሱን ከፍ አድርጎ ይገምታል። በሳምንት ሁለት ቀን ጂም የሚሄድ ሰው 1.55 ውስጥ ሲገባ አያለሁ። በሁለቱ መሀል ከዋለላችሁ ዝቅተኛውን ያዙ።

ሁለት ሰዎች እንውሰድ። የመጀመሪያዋ የ35 ዓመት ሴት ናት፤ 62 ኪሎ፣ ቁመቷ 160፣ ቢሮ ትሠራለች፣ በታክሲ ትመላለሳለች። 620 + 1,000 − 175 − 161 = 1,284። በ1.4 ሲባዛ ወደ 1,800 ካሎሪ ይመጣል። ሁለተኛው የ28 ዓመት ወጣት ነው፤ 60 ኪሎ፣ ቁመቱ 170፣ ሕንፃ ሥራ ላይ ሲሚንቶ ይሸከማል። 600 + 1,062 − 140 + 5 ወደ 1,527 ነው። በ1.9 ሲባዛ 2,900 ይሆናል። በክብደት እሷ ትበልጠዋለች፤ የሚያስፈልገው ምግብ ግን ከእሷ በ1,100 ካሎሪ ይበልጣል። «አንድ ሰው በቀን 2,000 ካሎሪ ያስፈልገዋል» የሚባለው ነገር ለሁለቱም ልክ አይደለም። የ2,000 ቁጥር አሜሪካኖች የምግብ ማሸጊያ ላይ ለማወዳደሪያ እንዲመች የያዙት ነው። የዓለም ምግብ ፕሮግራም እርዳታ ሲያቅድ የሚነሳበት 2,100 ካሎሪም የሕዝብ አማካይ ነው፤ ሕፃኑም ሽማግሌውም አንድ ላይ ተደምሮ።

ቀመሩ ግምት ነው። በ10 በመቶ ቢስት አይደንቅም። መጨረሻ ላይ በሚዛን እናርመዋለን።

ደረጃ 2፦ የጓዳችሁን ቁጥሮች በቃል ያዙ

መቶ የምግብ ዓይነት መሸምደድ አያስፈልግም። የሚከተሉት ይበቃሉ።

ደረቅ እህልና ጥራጥሬ ሁሉ፣ ማለትም ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ምስር፣ አተር፣ ሽምብራ፣ የሽሮ ዱቄት፣ በሶ፣ በኪሎ ወደ 3,500 ካሎሪ ነው። አንዱ በመቶና በሁለት መቶ ከፍ ይላል፣ ሌላው ዝቅ ይላል። ለቤት ስሌት ልዩነቱን እርሱት።

ዘይት፣ የትኛውም ዓይነት ይሁን፣ በሊትር ወደ 8,200 ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ 120። አንድ የሻይ ብርጭቆ፣ 100 ሚሊ ሊትር የሚይዘው፣ 820 ገደማ። የተነጠረ ቅቤም ከዘይት እምብዛም አይለይም፤ በሾርባ ማንኪያ ወደ 115 ነው።

ስኳር በኪሎ 3,900 ገደማ፤ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ 16። ለውዝ በኪሎ ከ5,500 በላይ። ድንች 770፣ ሽንኩርት 400። እንቁላል አንዱ ከ70 እስከ 80። ስቡ ያልወጣለት የላም ወተት አንድ ብርጭቆ፣ ሩብ ሊትር፣ 150። ስብ የሌለው ቀይ ሥጋ 100 ግራሙ 130 ገደማ፤ ጮማ ከሆነ እጥፍም ሊሆን ይችላል። አቮካዶ 100 ግራሙ 160። መካከለኛ ሙዝ 105።

«ጤፍ አያወፍርም፣ ስንዴ ነው የሚያወፍረው» የሚባል ነገር አለ። በካሎሪ ከሄድን መሠረት የለውም። ጤፍ ብረትና አሰር አለው፣ ሆድ ላይም ይቆያል፤ ይህን አልክድም። ኃይሉ ግን ያው 3,500 ነው። ውጭ አገር ያላችሁና እንጀራውን ከስንዴ፣ ከገብስ ወይም ከሩዝ ዱቄት ጋር የምትቀላቅሉ ሰዎችም ለዚህ ስሌት የተለየ ቁጥር አያስፈልጋችሁም።

ደረጃ 3፦ የቤታችሁ እንጀራ ስንት ነው?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይጨነቃል፤ ግን ከሁሉም ቀላሉ ይህ ነው።

ሊጥ ስታቦኩ ዱቄቱን በኪሎ ጻፉት። ውሃው፣ እርሾው፣ አብሲቱ አያሳስባችሁ። አብሲቱ ከዚያው ዱቄት የተወሰደ ነው፤ ውሃ ዜሮ ነው። ሲቦካ የሚጠፋው ኃይል ትንሽ ነው። ጋግራችሁ ስትጨርሱ እንጀራውን ቁጠሩ። 5 ኪሎ ዱቄት 35 እንጀራ ከወጣው፦ 5 × 3,500 = 17,500፤ ለ35 ሲካፈል አንዱ 500 ካሎሪ። ከዚያው ዱቄት 45 ካወጣችሁ ወደ 390 ይወርዳል። የጋጋሪዋ እጅና የምጣዱ ስፋት ስለማይቀያየር፣ አንድ ጊዜ ካሰላችሁ ለወራት ይሠራል።

እንጀራ ከሱቅ ለምትገዙ ደግሞ መንገዱ መመዘን ነው። የጤፍ እንጀራ ከግማሽ በላዩ ውሃ ስለሆነ 100 ግራሙ ከ130 እስከ 160 ካሎሪ ውስጥ ይወድቃል። 300 ግራም የምትመዝን እንጀራ 430 ገደማ ብላችሁ ብትይዟት ብዙ አትስቱም። ድርቆሽ ግን ተጠንቀቁ፤ ውሃው ስለወጣ በክብደቱ ልክ ከዱቄት የማይተናነስ ነው።

ደረጃ 4፦ ድስቱን አስሉ

ወጥ የሚሰላው በድስት ነው። የገባውን ሁሉ ደምሩ፣ ለበይው ቁጥር አካፍሉ። የተለመደ የምስር ወጥ እንውሰድ፦

- ግማሽ ኪሎ ምስር፦ 1,750
- ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት፦ 200
- ሁለት የሻይ ብርጭቆ ዘይት፦ 1,650 ገደማ
- 50 ግራም በርበሬ፦ 150 ገደማ

ድምሩ 3,750 ነው። ለስምንት ሰው ድርሻው 470 ካሎሪ።

አሁን ዘይቱን ብቻ ለይታችሁ እዩት። ከድስቱ ኃይል 44 በመቶው ከእሱ ነው የመጣው። ለዓይን የሚታየው ምስሩ ነው፤ ዘይቱ ቁሌቱ ውስጥ ገብቶ ተሰውሯል። አንዱን ብርጭቆ ብትቀንሱ የሰው ድርሻ ወደ 366 ይወርዳል። ምስሩ አልተነካም፣ እንጀራው አልተነካም፣ ማንም ተርቦ አልተነሳም።

መቀነስ ለሚፈልግ ሰው ምክሬ ይህ ነው፦ እንጀራ ላይ ከመዝመታችሁ በፊት ዘይቱን ለኩ። ሰዉ «እንጀራ አቁሜያለሁ» ይላል፤ ከዚያ በእንጀራው ፋንታ የተጠበሰ ድንችና በዘይት የታሸ ሰላጣ ይበላል። ዘይቱን መለካት ደግሞ ወጡን አያበላሽም። ሽንኩርቱን መጀመሪያ በራሱ ውሃ፣ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ አብስሉት፤ ዘይቱን በኋላ ጨምሩ። ባለሙያ እናቶች ጥሩ ቁሌት የሚሠሩት በዘይት ብዛት አይደለም፣ በትዕግሥት ነው።

ቅቤም በዚሁ ይሰላል። 200 ግራም ቀይ ሥጋ ክትፎ 260 ካሎሪ ነው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ሲገባበት 230 ይጨመራል። ቅቤው ሥጋውን ሊያክል ምንም አልቀረው። ፍርፍርና ጨጨብሳም እንዲሁ ናቸው፤ የቀረበላችሁን ቅቤ ወይም ዘይት ሁሉ ይመጥጣሉ።

ጾም ሲገባ «አሁንማ እቀንሳለሁ» የሚል ሰው አለ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተት፣ እንቁላል ይቀራል። ግን በቅቤው ቦታ ዘይት ከገባ፣ ከሰዓት በኋላ ጾሙ ሲፈታም ሳምቡሳና ቦንቦሊኖ ካለ፣ ቁጥሩ ሊጨምርም ይችላል። ረመዷንም ላይ ያው ነው። ኃይሉን የሚወስነው የሰዓቱ ሽግሽግ ብቻውን አይደለም፣ ድምሩ ነው።

ደረጃ 5፦ ከትሪው ላይ የራስን ድርሻ ማወቅ

ሁለት መንገድ አለ።

አንደኛው፣ ከመቀመጣችሁ በፊት የራሳችሁን እንጀራ ለይታችሁ መቁጠር ነው። ትሪው ላይ የተነጠፈውን እንጀራ ለሁሉ እኩል አካፍሉት፤ በጎን የምትጨምሩትን ጥቅልል ብቻ ቁጠሩ። ወጡን ደግሞ በጭልፋ ያዙት፦ ድስቱ ስንት ጭልፋ እንደወጣው፣ ለትሪው ስንት እንደተጨለፈ፣ ስንት ሰው እንደቀረበ። ጉርሻውን ተዉት። የተጎረሰ ያጎርሳል፣ ይቻቻላል።

ያቺ የቢሮ ሠራተኛ ምሳ ላይ አንድ ተኩል እንጀራና አንድ ድርሻ ምስር በላች እንበል። 750 ሲደመር 470፣ 1,220። ከ1,800ው የቀራት 580 ነው፤ ለቁርስ፣ ለራትና ለሻይ። በምሳ ብቻ ሁለት ሦስተኛው አለቀ ማለት ነው። ይህን ስታይ እንጀራዋን ወደ አንድ ማውረድ ወይም ራቷን ማቅለል የእሷ ምርጫ ነው።

ሁለተኛው መንገድ የወር አስቤዛን ማስላት ነው፤ እኔ ይህን እመርጣለሁ። ማንም ገበታ ላይ ካልኩሌተር አይዝም፣ ሰውም አያፍርም። አምስት ሰው የሚኖርበት ቤት በወር የሚጨርሰውን እንውሰድ፦

- 45 ኪሎ ጤፍ፦ 157,500
- ሽሮ፣ ምስር፣ ፓስታና ሩዝ ተደምሮ 15 ኪሎ፦ 52,500
- 5 ሊትር ዘይት፦ 41,000
- 4 ኪሎ ስኳር፦ 15,600
- ሽንኩርትና ድንች ተደምሮ 15 ኪሎ፦ 8,000 ገደማ

ድምሩ 274,600 ነው። ለ30 ቀን፣ ከዚያም ለ5 ሰው ሲካፈል በቀን ለአንድ ሰው 1,830 ገደማ ይደርሳል። ዳቦው፣ ሥጋው፣ ወተቱና ውጭ የሚበላው ገና አልተደመረም። ዘይቱ ብቻ በነፍስ ወከፍ በቀን 270 ካሎሪ ነው፤ ከሁለት የሾርባ ማንኪያ በላይ። ስኳሩ ወደ 100 ነው።

ይህ ስሌት ማን ስንት እንደበላ አይነግራችሁም፤ ትንሹ ልጅ ከአባቱ እኩል አይበላም። ቤቱ በጥቅሉ የት እንደቆመ ግን ያሳያል። ኑሮው ሲከብድ ከአስቤዛው ምን እንደሚቀነስ ለመወሰንም ይጠቅማል። ሰው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚቀንሰው ጥራጥሬውን ነው። በካሎሪ ቤቱ ብዙም ሳይጎዳ በፕሮቲን ይጎዳል።

ደረጃ 6፦ ሳይታዩ የሚያልፉት

ቡና ራሱ ምንም የለውም፤ አንድ ስኒ ሁለት ካሎሪ ገደማ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያንዳንዳቸው በሁለት ሁለት ማንኪያ ስኳር ከተጠጡ ግን ወደ 100 ይደርሳል፤ ማንኪያው ተቆልሎ ከሆነ ደግሞ ከዚያ በላይ። ከጎኑ ቆሎ አለ። አንድ እፍኝ ለውዝ የተቀላቀለበት ቆሎ ከ150 በቀላሉ ያልፋል።

ለስላሳ መጠጥ በ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ከ120 እስከ 130። ቢራ በ330ው ወደ 140። ሦስት ቢራ የጠጣ ሰው አንድ ትንሽ እንጀራ በልቷል፤ ስለዚህ «ራት አልበላሁም፣ ግን አልቀነስኩም» ቢል አትደነቁ። የአቮካዶ ጁስም ጤናማ ነው ተብሎ ይጠጣል። ጤናማ ነው። ግን ሙሉ አቮካዶና ሦስት አራት ማንኪያ ስኳር ያለበት ብርጭቆ እንደ ምግብ ነው የሚቆጠረው።

አንድ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ለ60 ኪሎ ሰው ከ200 እስከ 250 ካሎሪ ያቃጥላል። ይህ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ነው። እርምጃው ለልብም ለእንቅልፍም ይጠቅማል፣ አታቁሙት። ወጥ ውስጥ በዘፈቀደ የፈሰሰውን ዘይት ግን በእግር ማካካስ አድካሚ ነው። ሎሚና ሙቅ ውሃ ስብ ያቀልጣል የሚለውን ወሬ ደግሞ ለፌስቡክ ተዉለት።

የታሸገ ምግብ ለምትገዙ፣ በተለይ ውጭ አገር ላላችሁ፣ ሁለት ነገር ብቻ። አሜሪካ ውስጥ ማሸጊያው ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ የአንድ ድርሻ ነው፤ ከረጢቱ ውስጥ ሦስት ድርሻ ሊኖር ይችላል። አውሮፓ ውስጥ በ100 ግራም ይጻፋል፣ ከጎኑም ኪሎ ጁል አለ። ትልቁ ቁጥር ኪሎ ጁሉ ነው፤ ለ4.2 ብታካፍሉት ካሎሪውን ታገኛላችሁ። ሳዑዲ ዓረቢያ ከ2019 ጀምሮ ምግብ ቤቶች ዋጋ ዝርዝራቸው ላይ ካሎሪ እንዲጽፉ ታዟል፤ እዚያ ያላችሁ ዓይናችሁን ጣል አድርጉበት።

የራሳቸው ስሌት ያላቸው

የሚያጠባ እናት በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት በቀን ወደ 500 ካሎሪ ተጨማሪ ትፈልጋለች። አራስን በገንፎ፣ በቅቤና በአጥሚት መንከባከብ ያለ ምክንያት አልመጣም። ከወለደች በኋላ «ሆዴን ላጥፋ» ብላ በዚያ ሰሞን ምግብ መቀነስ ልክ አይደለም። በእርግዝና ጊዜ ጭማሪው መጀመሪያ ላይ ትንሽ ነው፣ ወደ መጨረሻው ወደ 450 ይደርሳል። ስለዚህ «ለሁለት ሰው ብዪ» የሚለው የተጋነነ ነው፤ አንድ እንጀራ የማይሞላ ነገር ነው የሚጨመረው።

ልጆችን በካሎሪ አትቁጠሩ። ስድስት ወር የሞላው ሕፃን ከጡት ወተት ሌላ በቀን ወደ 200 ካሎሪ ያስፈልገዋል፤ ከዘጠነኛው ወር ጀምሮ 300፣ ዓመት ካለፈው 550። ሆዱ ትንሽ ስለሆነ ቀጭን ገንፎ ውሃ ይሞላዋል እንጂ አይመግበውም። ገንፎው ወፈር ይበል፣ ትንሽ ቅቤ ወይም ዘይት ይግባበት፣ እንቁላል ይፈርፈርበት። ጤና ጣቢያዎች ለተጎዱ ልጆች የሚሰጡት ፕላምፒ ነት በዚሁ መንገድ ነው የተሠራው፦ ለውዝ፣ የወተት ዱቄት፣ ዘይትና ስኳር፣ ውሃ የለውም ማለት ይቻላል። 92 ግራሟ ትንሽ ፓኬት 500 ካሎሪ ትይዛለች። ግን መድኃኒት ናት፤ ጤነኛ ሰው ለመወፈር የሚገዛት አይደለችም።

መወፈር የምትፈልጉ ደግሞ አላችሁ፤ ስለ እናንተ ብዙ ሰው አይጽፍም። ሆዳችሁን በእንጀራ አታስጨንቁ። ያንኑ ምግብ ጠንከር አድርጉት። ሽሮው ላይ አንድ ማንኪያ ዘይት ሲጨመር 120። አንድ እፍኝ ለውዝ 170 ገደማ። 50 ግራም በሶ በወተትና በማር ተበጥብጦ ከ350 በላይ። እነዚህን በየቀኑ መድገም አንድ ቀን ሁለት እንጀራ ከመታገል ይሻላል።

የስኳር ሕመም ኖሯችሁ ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ኪኒን የምትወስዱ፣ የኩላሊት ችግር ያለባችሁ፣ ወይም ሳትፈልጉ እየከሳችሁ ከሆነ፣ ምግቡን ከመቀየራችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ።

ደረጃ 7፦ በሚዛን ማረም

በሳምንት ሦስት ጠዋት ተመዘኑ፤ ሽንት ቤት ደርሳችሁ፣ ምንም ሳትበሉ፣ በተመሳሳይ ሚዛን። የሦስቱን አማካይ ጻፉ። ሦስት ሳምንት ጠብቁ። ከዚያ በፊት ምንም አትደምድሙ።

ክብደቱ ካልተነቃነቀ የምትበሉት ልክ የሚያስፈልጋችሁ ነው፤ ቀመሩ ምንም ይበል ምን። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ስለሚይዝ፣ በሳምንት ግማሽ ኪሎ እየቀነሳችሁ ከሆነ በቀን 550 ገደማ እያጎደላችሁ ነው። መለወጥ ስትፈልጉ በአንድ ጊዜ ከ200 እስከ 300 ብቻ ንኩ። ግማሽ እንጀራ ወይም ሁለት ማንኪያ ዘይት ማለት ነው።

በቀን 800 ካሎሪ ብሉ ከሚሉ የኢንተርኔት አሠልጣኞች ራቁ። በ1944 እና በ1945 (እ.ኤ.አ.) በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ፈቃደኛ ወጣቶች ለ24 ሳምንት ከቀድሞው ግማሽ ገደማ ብቻ እየበሉ ተጠንተዋል። ብርድ በረታባቸው፣ የልብ ምታቸው ዘገየ፣ ከምግብ ሌላ የሚያስቡት ጠፋ። ሰውነት ሲጎድልበት ወጪውን ይቀንሳል። በዚያ ላይ የከሳ ሰው የሚያስፈልገው ካሎሪም ያንሳል፤ አምስት ኪሎ ከቀነሳችሁ በኋላ ደረጃ 1ን በአዲሱ ክብደት እንደገና አስሉት።

የበዓል ሳምንት ቁጥሩን ያበላሸዋል። ከሁለት ወር ጾም በኋላ ዶሮ ወጥና ጨው የበዛበት ሥጋ ሲበላ፣ ሰውነት ውሃ ይይዛል፣ አንጀትም ይሞላል። በሦስት ቀን ሁለት ኪሎ መጨመር ይቻላል። ያ ሁለት ኪሎ ስብ እንዲሆን ከሚያስፈልጋችሁ በላይ 15,400 ካሎሪ መብላት ነበረባችሁ። ስለዚህ ከፋሲካ፣ ከገና ወይም ከዒድ በኋላ ያለውን ሳምንት ከአማካዩ አውጡትና በሚቀጥለው ሰኞ መመዘን ቀጥሉ።